እናቶች ውጭ ይጠብቁ

«አይሆንም» ማለት ከብዶኝ በሕይወቴ ያጣሁትን ነገር ብቆጥር መሽቶ ይነጋል። ያልፈለግኩት ዕቁብ ገብቻለሁ፤ አቅሜን የማይመጥን ሚዜነት ተቀብያለሁ፤ ሰው ፊት «እሺ» ብዬ ቤቴ ስገባ ከግድግዳ ጋር ስነጫነጭ የኖርኩ ሴት ነኝ። ብዙውን አሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል። አንድ ቅዳሜ ግን አለ፣ ዛሬም የማያስቀኝ። የምነግራችሁ ስለዚያ ቅዳሜ ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በ2021 የጸደይ ወራት ነው፤ ኮቪዱ ገና አለቀቀንም። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማስታወስና ማብላት ነው። ያለችኝ አንዲት ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ቤዛዊት ናት። አባቷ ሌላ ስቴት ይኖራል፤ ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል። ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚከፈት፣ በቀሩት ቀናት ቤዛን ይዣት ወደ ሥራ እሄድ ነበር። ደንቡ አይፈቅድም። ሚስ ሎሬታ ግን «ደንቡን ለእኔ ተዪው፤ ልጅቷን አምጫት» ብለውኝ ነበር።

ሚስ ሎሬታ ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ የዘጠና ሰባት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ናቸው። መልካቸው እኛ ቀይ የምንለው ዓይነት ነው። እግራቸው ቢደክምም አእምሯቸው እንደ ምላጭ ነበር፤ ሾርባው ጨው ከበዛበት ለአንድ ሳምንት አይረሱልኝም። አንድ ነገር ብቻ ያስገርመኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም ከመጣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «ቀይሪው» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ የእርጅና ነገር ነው ብዬ ቻናሉን እቀይራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ጋሼ ተፈራ ጠሩኝ። ጋሼ ተፈራን ማወቅ አለባችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ አቅፌ በየካቲት ብርድ ኤርፖርት ስወርድ፣ የለበሱትን ጃኬት አውልቀው ቤዛን የጠቀለሉልኝ እሳቸው ናቸው። አፓርታማ ስከራይ «ክሬዲት የላትም» ሲሉኝ አብረውኝ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ከዘመድ ግን ይበልጡብኝ ነበር።

«ሰናይት፣ ለቤዛዊት አንድ ጥሩ ነገር ተገኝቷል» አሉኝ። «ስለ ስደተኞች ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ኮል አድርገውልኝ ነበር። የሐበሻ ልጆች ይፈልጋሉ። አራት ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ፤ ለዋናዋ ልጅ የቤዛን ፎቶ ሳሳያቸው በጣም ላይክ አደረጓት።»

«ልጅቷ እኮ ዓይን አፋር ናት፣ ጋሼ።»

«እናቷን ትመስላለቻ! አይዞሽ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ለእኛ የቆሙ ናቸው። እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ የኔ ልጅ።»

ወረቀቱን የመኪናቸው አፍንጫ ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ አቀበሉኝ። አነበብሽው ወይ ብትሉኝ፣ አላነበብኩትም። ጋሼ ተፈራ የዘረጉትን ወረቀት ቁጭ ብዬ ማንበብ እሳቸውን መጠርጠር መሰለኝ። ይህን ስሕተት የሚረዳኝ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ፈረምኩ፤ አመስግኜም ሄድኩ።

ቤዛ በደስታ ልታብድ ደረሰች። ዓይን አፋሯ ልጅ ለክፍሏ ልጆች በሙሉ በኮምፒውተር አወራች። ሐሙስ ዕለት እኔ የሚስ ሎሬታን አልጋ ሳነጥፍ፣ እሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ትለማመድ ነበር። በፊልሙ ውስጥ በመጋዘን መጠለያ እናቷ የጠፋችባት ልጅ ናት። የምትናገረው ብዙ የለም፤ ዞር ዞር ብላ ታይና ታለቅሳለች።

«ምንድነው የምትሠራው?» አሉኝ ሚስ ሎሬታ።

በኩራት ነገርኳቸው። ፊልም ውስጥ ልትገባ ነው፣ ቅዳሜ፣ በግሮቭፖርት በኩል ባለ ባዶ መጋዘን ውስጥ፣ ዋናዋ ልጅ እሷ ናት አልኩ። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ቀስ በቀስ ተዘጋ።

«ፊቷን ምን ይቀቧታል?»

«አላውቅም።»

«የምታለቅሰው እንዴት ነው?»

«ትወና ነው፣ ሚስ ሎሬታ። ትለማመዳለች።»

«እውነተኛውን ልቅሶ ከፈለጉስ?»

ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ከላይኛው መደርደሪያ የብስኩት ቆርቆሮ እንዳወርድላቸው ነገሩኝ። ሦስት ዓመት አቧራውን ስወለውለው የኖርኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። የሰባት ዓመት ያህል ልጅ፣ ፊቷ፣ አንገቷ፣ ክንዷ ሁሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፤ ፀጉሯ ውስጥ አጥንት ተሰክቶ፣ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ዓይኗ ብቻ ነጭ ነው። ፎቶውን ይዤ ወደ ሚስ ሎሬታ ቀይ ፊት ስመለከት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ነኝ። ለአፍሪካዊት ልጅነት ቅላቴ በዛባቸውና በቅባት አጠቆሩኝ። ሲደርቅ ቆዳ ይዞ ነው የሚላቀቀው።»

ቤዛ እንዳትሰማ ወደ ኩሽና ላክኋት። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። እናታቸው ከዚሁ ከኮሎምበስ ይዘዋቸው ወደ ካሊፎርኒያ የሄዱት ልጄ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች ብለው ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ግን የሚዘፍን ጥቁር ልጅ አልፈለጉም፤ የሚፈራና የሚጮኽ ነበር የፈለጉት። በዚያው ፊልም ላይ እኩያቸው የሆነች ነጭ ልጅ ነበረች። እሷ ማልቀስ ሲያስፈልጋት እናቷ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እያባበላት፣ ዓይኗ ላይ ጠብታ እየተደረገላት ነው። ምሳም ሲሆን እሷ አዳራሽ ትገባለች፤ ትንሿ ሎሬታና እናቷ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ።

«የእኔ ተራ ሲደርስ ጠብታም የለ፣ ወንበርም የለ» አሉኝ። «አንድ ሰው መጣና እናቴን ‹እናቶች ውጭ ይጠብቁ› አላት። በሩ ተዘጋ። ሰውየው አጠገቤ ተንበረከከና በጣም ለስላሳ ድምፅ ‹እናትሽ ባቡር ተሳፍራ ወደ ኦሃዮ ተመልሳለች፤ አንቺን ለእኛ ትታሻለች› አለኝ። ካሜራው እየቀረጸ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ጮኽኩ። ፎቶው እሱ ነው። ከዚያ ‹ቀልዴን ነው› አለኝ። ከዚያ ደግሞ ድጋሚ ሊቀርጹ ፈለጉና ‹ቀልዴን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው› አለኝ። ሁለተኛም አመንኩት። ሰባት ዓመቴ ነበር።»

«እናትዎስ?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ውጭ ነበረች» አሉ። 

በዚያው ምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለጋሼ ተፈራ ደወልኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው መቼም። «ጋሼ፣ ልቤ ትንሽ ፈራ፤ ብንተወውስ?» አልኩ። ስለ ፎቶውም ነገርኳቸው።

«ያ እኮ የዛሬ ዘጠና ዓመት ነው፣ ሰናይት። አሁን ሕግ አለ። እንኳን ልጅ ውሻም አይነኩ! ደግሞ ቃል ሰጥቻለሁ። ነገ ሌላ ነገር ሲመጣ ሐበሻን ማን ያምናል? አታሳፍሪኝ እንጂ።»

«እሺ» አልኩ። አዎ፣ አሁንም እሺ አልኩ።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሚስ ሎሬታ እጄን ያዙኝ። ቀረጻውን እንደማልተወው ከዓይኔ ላይ አንብበውታል። «እንግዲያውስ አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ። «የምትቆሚበትን ቦታ አሳያት። ከጠራች የት እንዳለሽ ትወቅ።»

ቅዳሜ ካፊያ እየጣለ ከቀትር በፊት ግሮቭፖርት ደረስን። መጋዘኑ በሌሎች መጋዘኖች መካከል የተረሳ፣ መስኮት የሌለው ትልቅ ሣጥን ነው። ጭነት የሚገባበት፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር አለው። የኤሌክትሪክ ገመዶች እንዲያልፉበት ከሥር አንድ ስንዝር ያህል ከፍተውታል። ከጎኑ ሰው የሚገባበት ትንሽ በር አለ። ሌሎቹ ሦስት ልጆች ጠዋት ጨርሰው ሄደዋል። ቤዛን ለመጨረሻ አቆይተዋታል።

አንዲት ወጣት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ እንዳደረገች ወጣች። ማስክ አድርጋለች፤ ዓይኗ ደግ ነው። የእጅ አምባር መሳይ ወረቀት ለቤዛ አሰረችላት። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

«ይቅርታ» አለችኝ። «በኮቪድ ምክንያት ከልጆቹና ከሠራተኞቹ በቀር ሰው አይገባም። እናቶች ውጭ ይጠብቁ።»

ቃል በቃል ያው ነው። ዘጠና ዓመት ተሻግሮ፣ ማስክ አድርጎና በትሕትና ተናግሮ ያው ዓረፍተ ነገር መጣ። ጋሼ ተፈራን አየኋቸው። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ግን ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው «ለጤና ነው እንግዲህ» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰሞን እኔ ራሴ ሆስፒታል በር ላይ ስንቱን ቤተሰብ እንደዚሁ ሲመልሱ አይቻለሁ። ማን ይከራከራል?

ቤዛ ፊት ተንበረከክሁ። «እዚህ ነው የምቆመው። ከዚህ ትልቅ በር ፊት አልነቃነቅም። ካልተመቸሽ ጥሪኝ፣ እገባለሁ። እሺ?»

«ኦኬ፣ ማሚ። አይ ኖው» አለችኝና እየዘለለች ገባች። እንደ ወትሮዋ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ትንሹ በር ተዘጋ።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ጋሼ ተፈራ ጃንጥላ ዘርግተውልኝ ጎን ለጎን ቆምን። ከጠዋት ሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ በግራጫው ሲሚንቶ ላይ ከሩቅ የሚታየውን ሐምራዊ የሥራ ጫማዬን አድርጌያለሁ። ስልኬን አየሁ። መልሼ አየሁ። በአንድ ወቅት ከውስጥ የሆነ ሰው «ጸጥታ» አለ፤ ከዚያ በኋላ የውስጡ ጸጥታ ከውጭው የባሰ ሆነ።

ከዚያ ጮኸች።

የልጄን ልቅሶ አውቃለሁ። ስትወድቅ የምታለቅሰውን፣ ስትናደድ የምታለቅሰውን፣ ከረሜላ ፈልጋ የምታስመስለውን አውቃለሁ። ይህን አላውቀውም ነበር። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄድኩ።

«ትወና ነው» አሉኝ ጋሼ ተፈራ፣ ክንዴን ያዝ አድርገው። «ትወና ነው የኔ ልጅ። ጎበዝ ናት! አታቋርጪባት።»

ቆምኩ። ስልኬ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል፣ በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ነው። ልቅሶው ረገበ። አየሽ፣ አልኩ ለራሴ፣ ጨረሱ። ከዚያ እንደገና ተነሣ፤ ከመጀመሪያው የባሰ። «ማሚ» የምትል ሰማሁ። ማሚ ማለት እኮ ጽሑፉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለ አምባሩ አሰብኩ፤ ስለፈረምኩት ወረቀት አሰብኩ፤ ገብቼ ትወና ሆኖ ቢገኝ፣ ያ ሁሉ ፈረንጅ ዞሮ ሲያየኝ፣ ጋሼ ተፈራ በሐፍረት አንገታቸውን ሲደፉ ታየኝ። ልጄ እየጮኸች እኔ ያሰብኩት ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ትንሿ በር ተከፈተችና ያቺ ማዳመጫ ያደረገችው ወጣት ወጣች። እኔን አላየችኝም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም። ማስኩን ወደ አገጯ አወረደች። ዓይኗ ቀልቷል። ሲጋራ አወጣችና ሳትለኩሰው እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ትወና ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ አታለቅስም ነበር።

እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። ክንዴን ከጋሼ ተፈራ እጅ ስመነጭቅ ጃንጥላው መሬት ላይ እንደተንከባለለ ብቻ ትዝ ይለኛል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ መሃል ላይ ብቻ መብራት አለ። ቤዛ አፈር በተደፋበት ወለል ላይ ተቀምጣለች። የማዳበሪያ ከረጢት የሚመስል ቀሚስ አልብሰዋታል። ቀይ ዳማዋ ልጄ ጠቁራለች። ፊቷ፣ አንገቷ፣ ክንዷ በቡናማ ቅባት ተለቅልቆ፣ እንባዋ የወረደበት ብቻ መስመር ሠርቶ የራሷ መልክ ይታያል። አጠገቧ አንድ ወጣት ሰው ተንበርክኮ በጣም ለስላሳ ድምፅ ያወራታል።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ የኔ ቆንጆ» ሲላት ሰማሁት። «እማማ በእውነት ሄዳለች። ትታሽ ሄዳለች።»

«አልሄድኩም!» ብዬ ጮኽኩ፣ በአማርኛ። ማን ይሰማኝ ማን አይሰማኝ ደንታ አልነበረኝም።

ሰውየው ተነሣ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። «እመቤት፣ በጣም እውነተኛ ነገር እያገኘን ነበር» አለኝ። «መጨረሻ ላይ እንነግራት ነበር። ፊልሙ እኮ ለእናንተው ሕዝብ ነው።»

«ለምን ቀባኻት?»

«መብራቱ ያገረጣታል። ትንሽ… ከዚያ የመጣች እንድትመስል ነው።»

«ከዚያ ነው የመጣችው!»

ጋሼ ተፈራ ከኋላዬ ገብተዋል። የቤዛን ፊት ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለቀብር እንደሚወለቀው። ጃኬታቸውን አውልቀው ቤዛን ጠቀለሏትና እኔ ተሸከምኳት። ስንወጣ ሰውየው ከኋላችን በትሕትና አንድ ነገር አስታወሰን፤ እስካሁን የተቀረጸው በፈረምኩት ወረቀት መሠረት የእነሱ ነው። ልክ ነበር። በኋላ ወረቀቱን ሳነበው እንደዚያ ይላል። የልጄ ጩኸት ዛሬም የሆነ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ተጠቅመውበት እንደሆነ አላውቅም፤ ፊልም ስከፍት ሁልጊዜ እፈራለሁ።

መኪና ውስጥ ስገባ፣ ያቺ ወጣት ስትወጣ ስልኬ ላይ ያየሁት ሰዓት ትዝ አለኝ። ሁለት ሰዓት ከሃያ አንድ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆሜያለሁ።

ጋሼ ተፈራ ማታውኑ ደውለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ያቆምኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። አይደሉም። ክንዴን ያዙ እንጂ እግሬን አልያዙም።

ሰኞ ወደ ሚስ ሎሬታ ብቻዬን ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። የተቀባችውን፣ የተባለችውን፣ የገባሁትን። ጥሩ አደረግሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«በሩን እስክትከፍቺ ምን ያህል ቆየሽ?»

«እንደሰማሁ ገባሁ» አልኩ። ከአፌ እንዲሁ ወጣ።

አልተቆጡኝም። «እናቴም እንደዚያ ነበር ያለችኝ» አሉ። «እስክትሞት ድረስ እንደዚያ አለችኝ። እኔም አላመንኳትም። ሁለታችንም እያወቅን ሃምሳ ዓመት ያንን በር መሃላችን አቁመን ኖርን።»

ሚስ ሎሬታ በተከታዩ ክረምት አረፉ። ቆርቆሮውን ለእኔ እንዲሰጥ ተናግረው ነበር። ቤቴ አለ።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ምክር መስጠት አይሆንልኝም፤ ምክር የሚሰጠው ወዲያው የገባ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። ያኔ ክፋት ሲመጣ እየጮኸ፣ እየገፈተረ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በትሕትና፣ በሕግና ደንብ፣ ለጤናችሁ ብሎ፣ በምታከብሩት ሰው በኩልም ይመጣል። «እሺ» ስትሉት ደግሞ ያመሰግናችኋል። እኔ ዛሬ ወረቀት ሲሰጠኝ ሰው እያየኝ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ጋሼ ተፈራም አጠገቤ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

የቀረችው አንዲት ነገር ናት። ያን ሰኞ ከኢስትሙር ስመለስ ቤዛን ከትምህርት ቤት ወሰድኳት። ከጆሮዋ ሥር ቅባቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆምኩና ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ቤዚ፣ ቅዳሜ ዕለት ስትጮኺ ሰምቼሻለሁ» አልኳት። «ወዲያው አልገባሁም። ቆምኩ። ፈርቼ ነው።»

የደብተር ቦርሳዋን ቁልፍ እየከፈተች ትዘጋለች። በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ በዚያ በተሰባበረው አማርኛዋ ተናገረች።

«አውቃለሁ። ሰውዬው ሄደች አለኝ፤ እኔ ግን በበሩ ሥር ጫማሽን አየሁት። ሐምራዊውን። ስለሄድሽ አይደለም ያለቀስኩት፣ ማሚ። ስላልተንቀሳቀስሽ ነው።»